ቀኑን ሙሉ ኩንታል ስሸከም ነው የምውለው፤ ይሄ ሥራ ራሱ ስፖርት ሊሆነኝ ይችላል?

የበረንዳው_ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። 26 ዓመቴ ነው። እህል በረንዳ ጫኝና አውራጅ ሆኜ ስሠራ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ያልተሸከምኩት የለም። ባዶ ማዳበሪያ አጥፌ ማጅራቴ ላይ አደርጋለሁ፣ አይሱዙው ላይ ያሉት ሁለት ልጆች ያሸክሙኛል፣ 100 ኪሎውን ይዤ መጋዘን እገባለሁ። ጥሩ ሥራ ባለበት ቀን 50 ኩንታል አካባቢ በጀርባዬ ያልፋል።

ባለፈው እሁድ ከሰፈር ልጆች ጋር ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ሞከርኩ። ኩንታል የምሸከም ሰውዬ የራሴን 64 ኪሎ መሳብ አቃተኝ። ሦስት ላይ ቆምኩ። ልብስ ስፌት የሚሠራ ጓደኛችን 12 ሠራ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ወገቤ ነው። ጠዋት ካልሲ ላደርግ ጎንበስ ስል ይይዘኛል፣ ትንሽ ከሠራሁ በኋላ ይለቀኛል። ደግሞ ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ጎልቶ ይታያል።

ጂም መግባት አስቤ ነበር። ግን 12 ሰዓት ላይ ሥራ ስጨርስ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ሥራውን መተው አልችልም፤ እናቴንና እህቴን የማስተዳድረው በዚሁ ነው። ሥራውን ራሱን ወደ ስፖርት የምቀይርበት መንገድ ካለ ንገሩኝ። ጠንካራ መሆን እፈልጋለሁ። 50 ዓመቴ ላይም ቀጥ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ።

ብረት_ወዳድ | ማታ 2:58

ወንድሜ በርታ! አንተ እኮ ጂም ውስጥ ነው የምትውለው። ከሥራ መልስ ዴድሊፍት (ከባድ ብረት ከመሬት ማንሳት) እና ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ጨምርበት፣ በሦስት ወር ሰው አያውቅህም።

አሠልጣኝ_ከጉለሌ | ማታ 3:25

ብረት ወዳድ፣ በዚህ አልስማማም። ቀኑን ሙሉ 5 ቶን ሲሸከም የዋለ ወገብ ላይ ዴድሊፍት መጨመር ልጁን መጉዳት ነው።

ሰፈር ውስጥ ጂም ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ብዙ የቀን ሠራተኛ መጥቶልኛል። ሁሉም ላይ የማየው አንድ ነገር ነው። የለመዱትን ሸክም ስትሰጣቸው የሚደርስባቸው የለም፣ ከዚያ ወጣ ሲሉ ይቸገራሉ። ሰውነት የሚጠነክረው በሚሠራበት አቅጣጫ ነው። ኩንታል ሲጫንብህ አከርካሪህ ከላይ ወደ ታች ይጨመቃል፣ ትከሻህ ወደ ፊት ይሰበሰባል፣ ጉልበትህ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል። ወደ ራስህ የምትስበው ነገር የለም። ስለዚህ ፑል አፕ ቢያቅትህ አይግረምህ። የሚስበው ጡንቻህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈቶ ነበር።

ሌላው፣ ስፖርት ላይ ክብደቱን የምትወስነው አንተ ነህ። ከትንሽ ትጀምራለህ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ትጨምራለህ፣ መሐል ላይ ታርፋለህ። ጡንቻ የሚገነባው ካነሳህ በኋላ ስትበላና ስትተኛ ነው። ሥራ ላይ ግን ኩንታሉ በመጀመሪያው ቀንህም 100 ኪሎ ነው፣ በሦስተኛው ዓመትህም 100 ኪሎ ነው። ስትጀምር ከአቅምህ በላይ ነበር። ከለመድከው በኋላ ደግሞ አዲስ ነገር አላስተማረህም፣ ድካም ብቻ ነው የጨመረልህ።

እኔ የምለው፣ ሸክም አትጨምር። ሥራህ የማይሰጥህን ብቻ ጨምር። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ በአንዱ ቀን 25 ደቂቃ። ነገ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ወገብና_መገጣጠሚያ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:50

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የጠዋቱን ሕመም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሌሊት ስንተኛ በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያሉት ዲስኮች ውሃ ይመጥጣሉ፣ ያብጣሉ። ጠዋት ስንነሳ ከማታው በአንድ ሴንቲ ሜትር ከዚያም በላይ የምንረዝመው ለዚህ ነው። ያበጠ ዲስክ ጎንበስ ሲባል በጣም ይወጠራል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ የታመሙ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ማለትን እንዲቀንሱ ተደረገ፣ ሕመማቸው ቀነሰ። መድኃኒት እንኳ የማይፈልግ ዘዴ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ካልሲህን ተቀምጠህ፣ እግርህን ወደ ላይ አምጥተህ አድርግ። ፊትህን ስትታጠብ ከወገብህ ሳይሆን ከዳሌህና ከጉልበትህ እጠፍ። መኪና ሌሊት የሚገባ ከሆነ ከአልጋ ተነስተህ ቀጥታ ኩንታል ስር አትግባ። ታክሲ ከመያዝ በእግርህ ብትሄድ ይሻልሃል።

ስለ ክብደቱም እውነቱን ልንገርህ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም፣ ሁሉ ነገር ተመቻችቶ እንኳ፣ አንድ ሰው ማንሳት ያለበት ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ ከ55 ኪሎ በላይ እንዳይሆን ብሏል። አንተ የምትሸከመው የዚያን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህን የምለው ላስፈራራህ አይደለም። ሰውነትህ ትንሽ ስህተት እንኳ የማይችልበት ቦታ ላይ እንዳለ እንድታውቅ ነው።

ሲያሸክሙህ እንዲህ አድርግ። እግርህን በትከሻህ ልክ ክፈት፣ አንዱን ትንሽ ወደ ፊት አድርግ። ኩንታሉ ከማረፉ በፊት ትንፋሽ ወደ ሆድህ ሳብ፣ ሆድህንና ጎንህን ዙሪያውን አጥብቅ። ክብደቱ አርፎ፣ ሚዛንህን ይዘህ፣ ከዚያ ነው አንድ ብለህ የምትራመደው። መዞር ካለብህ በእግርህ እየረገጥክ ዙር። ኩንታል ተሸክሞ ወገብን መጠምዘዝ ነው ብዙ ሰው የሚያስመጣብኝ።

አንድ ነገር በጥብቅ ልበል። ሕመሙ ከጉልበትህ አልፎ ወደ እግርህ ከወረደ፣ እግርህ ከደነዘዘ ወይም ከደከመ፣ ሐኪም ጋር ሂድ። በመቀመጫህና በጭንህ መሐል ያለው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልወጣ ካለህ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ግባ። ነገ አይባልም።

የድሮ_ተሸካሚ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:15

ልጄ፣ የጻፍከውን ሳነብ ራሴን አየሁ። እኔ 58 ዓመቴ ነው። 19 ዓመት ሲሚንቶ ተሸክሜአለሁ። ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ደርቤ ነበር የምሸከመው። «እሱ እኮ ጀግና ነው» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር፣ ሦስተኛ ድረቡልኝ ያልኩበት ቀንም አለ።

የጣለኝ ግን ሲሚንቶ አይደለም። 41 ዓመቴ ላይ፣ ሥራ ጨርሰን፣ መሬት ላይ የወደቀ ባዶ የሲሚንቶ ወረቀት ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ወረቀት! ወገቤ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ጓደኞቼ በበር ሳንቃ ላይ አስተኝተው ነው ቤቴ ያደረሱኝ። አራት ወር ተኛሁ። ሐኪሙ ኋላ እንደነገረኝ ዲስኩ ለዓመታት ሲበላ ቆይቶ፣ ወረቀቷ የመጨረሻዋ ሆነች።

ምክሬን ከሰማኸኝ፣ ሰው ፊት ጀግና ለመሆን አትሸከም። የበዓል ዋዜማ ሥራ ይበዛል፣ ገንዘቡ ያጓጓል። እኔ የተጎዳሁባቸው ቀኖች ሁሉ የፋሲካና የገና ሰሞን ናቸው። ደክሞህ «አንድ ብቻ ልጨምር» ያልካት ኩንታል ነች የምትጎዳህ።

የበረንዳው_ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 1:30

ጋሼ፣ ያነበብኩትን ለሥራ ጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ማንም አልተናገረም። እግዚአብሔር ይስጥልን።

እህቴ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ሕመሙ ወደ እግር አይወርድም፣ ወገቤ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ በእግሬ ሄድኩ። ካልሲዬንም ተቀምጬ ነው ያደረግኩት።

አሠልጣኝ_ከጉለሌ | ረቡዕ፣ ማታ 3:10

ቃሌን ላክብር። ሁለት ቀን ምረጥ፣ አንዱ እሁድ ይሁን፣ አንዱ ሥራ የሚቀልበት ቀን። ዕቃ አያስፈልግህም። አንድ 20 ሊትር ጀሪካን፣ አንድ 5 ሊትር ጀሪካንና የምትንጠለጠልበት ብረት ካለህ ይበቃል። ውሃ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው፣ ስለዚህ ጀሪካንህ ሚዛንህ ነው።

መጀመሪያ መሳብ። ድንጋይ ላይ ቆመህ አገጭህን ከብረቱ በላይ አድርግ፣ ከዚያ እግርህን አንሳና በልብህ እስከ አምስት እየቆጠርክ ቀስ ብለህ ውረድ። ሦስት ጊዜ ውረድ፣ ሁለት ደቂቃ እረፍ። አራት ዙር። ስትወርድ የሚሠራው ጡንቻ ስትወጣ ከሚሠራው ጋር አንድ ነው፣ ለወገብህም ጭነት የለውም፣ እንዲያውም ይዘረጋልሃል። ከዚያ ጀሪካኑን ግማሽ ሞልተህ፣ አንድ እጅህን አግዳሚ ወንበር ላይ ደግፈህ፣ በሌላው እጅህ ወደ ጎንህ ሳብ። ሁልጊዜ ከግራ ጀምር። ግራህ ስምንት ከቻለ ቀኝህም ስምንት ብቻ ይሥራ። የትከሻህ ልዩነት የሚጠበው እንዲህ ነው።

ቀጥሎ ጥልቅ ስኳት። 5 ሊትሩን ደረትህ ላይ አቅፈህ ሽንት ቤት እንደሚቀመጥ ሰው እስከ ታች ውረድ፣ ታች ላይ አንድ ትንፋሽ ቆይ፣ ተነስ። ስምንት ጊዜ፣ ሦስት ዙር። 100 ኪሎ ለሚሸከም ሰው 5 ኪሎ ቀልድ ይመስላል። ሞክረውና ንገረኝ። ሸክም ላይ ትንሽ ብቻ የሚንቀሳቀሰው ጡንቻ እዚህ ላይ ሙሉ መንገዱን ይሄዳል።

መጨረሻ ላይ የምወደው ነገር አለ። ጀሪካኑን በአንድ እጅ ብቻ ይዘህ 20 ሜትር ሂድ፣ እጅ ቀይረህ ተመለስ። ክብደቱ ወደ ጎን ሲጎትትህ አንተ ቀጥ ብለህ ትቆያለህ። ኩንታል ጀርባህ ላይ ሆኖ መሬቱ ሲያዳልጥህ ወገብህን የሚይዝልህ ይሄ የጎን ጡንቻ ነው። በ10 ኪሎ ጀምር፣ በየሳምንቱ ሁለት ሊትር ውሃ ጨምር።

በምንም ዓይነት እስኪያቅትህ አትሥራ። ሁለት ሲቀርህ አቁም። ነገ ሥራ አለህ።

ሥራ ላይ ደግሞ ይህን አድርግ። የቀኑን የመጀመሪያ አምስት ኩንታል እኔ አጠገብህ ቆሜ እንደማይህ አድርገህ ተሸከም። እህታችን የነገረችህን አቋም፣ አተነፋፈስ፣ አዟዟር፣ አንድም ሳትዘል። ለአምስት ብቻ ትኩረት መስጠት ከባድ አይደለም። ሰውነት አምስቱን ከያዘ የቀረውን ራሱ ይደግመዋል። ሸክሙንም አንዴ ወደ ቀኝ ትከሻ አንዴ ወደ ግራ አድርገው። መጀመሪያ ይከብድሃል፣ ሁለት ሳምንት ታገሰው።

ብረት_ወዳድ | ረቡዕ፣ ማታ 3:31

ልክ ነህ አሠልጣኝ። ቸኩዬ ነው የጻፍኩት። ወንድሜ የኔን ምክር ተወው።

እናት_ጓዳ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:05

መርካቶ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። እናንተን ጫኞቹን በየቀኑ አያችኋለሁ። ሁሉም ስለ ማንሳት ነው የሚያወራው፣ ልጁ ምን በልቶ እንደሚያነሳ የጠየቀው ሰው የለም። ቁርሳችሁ ሻይ በዳቦ ነው። እስከ 7 ሰዓት በዚያ ትሠራላችሁ። ምን በልተህ ነው የምትውለው ልጄ?

የበረንዳው_ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 2:20

እውነትዎን ነው እማማ። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ሽሮ ወይ ተጋቢኖ፣ ማታ ቤት ያለውን። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ።

ከቨርጂኒያ | ሐሙስ፣ ማታ 4:45

እኔ እዚህ አሜሪካ መጋዘን ውስጥ በሌሊት ሺፍት ተጎታች መኪና አራግፋለሁ። ካርቶኑ ቢበዛ 23 ኪሎ ነው፣ ግን ቁጥሩ ማለቂያ የለውም። እኔም እንደ አንተ «ሥራዬ ስፖርቴ ነው» እል ነበር፣ እስኪ ላንብብ ብዬ ገባሁበት።

ያገኘሁት ነገር እርስ በርሱ የሚጋጭ መሰለኝ። በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ የሚሠሩ 6,351 ጫኞችን ለ22 ዓመት ተከታትሏል። ከባድ ሥራ የሚሠሩት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ቀላል ሥራ ከሚሠሩት ያነሰ ነበር። ደስ አለኝ። ከዚያ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት አገኘሁ። ወደ 193,000 ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠሩ ወንዶች ያለ ዕድሜያቸው የመሞት አደጋቸው በ18 በመቶ እንደሚበልጥ ይናገራል። በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ስፖርት ግን ይጠቅማል። ያው እንቅስቃሴ ሆኖ እንዴት?

ተመራማሪዎቹ ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ እረፍት ነው። ስፖርት አጭር ነው፣ ልብህ በጣም ይመታል፣ ከዚያ ያርፋል። ሥራ ረጅም ነው። ለሰዓታት የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ብለው ይቆያሉ፣ ማገገሚያ ጊዜ የለም። ሠራተኛው ራሱ ፍጥነቱን አይወስንም። እኔ ከዚያ በኋላ የቀየርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ተጎታቹን አንድ አራተኛ ባራገፍኩ ቁጥር ሁለት ደቂቃ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ። መጀመሪያ ሰነፍ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሺፍቱ መጨረሻ ላይ ከሁሉም ፈጥኜ የምሠራው እኔ ነኝ።

እናት_ጓዳ | ዓርብ፣ ጠዋት 1:40

ልጄ፣ ሻይ በዳቦውን ተወው። ጠዋት ፉል ብላ፣ በጾሙ ቀን እንቁላሉንና እርጎውን ያስቀሩልህ፣ ባቄላው ራሱ ይበቃል። በሶ በጥብጠህ በላስቲክ ጠርሙስ ያዝ፣ ጨው ጣል አድርግበት። 4 ሰዓት ላይ ጠጣው። ኪስህ ውስጥ ኦቾሎኒ አይጥፋ። ማታ ቤትህ ምስር ወጥ ይሠራልህ፣ ጾም ባልሆነ ቀን ሁለት ሦስት እንቁላል። ሥጋ ካልበላሁ ጉልበት የለኝም የሚል ልጅ ይገጥመኛል። ገበሬው በምን ጉልበት ነው የሚያርሰው?

አሠልጣኝ_ከጉለሌ | ዓርብ፣ ጠዋት 3:00

እማማ የተናገሩትን በቁጥር ላስቀምጠው። ጡንቻ ለመገንባት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል። ለ64 ኪሎ ወደ 100 ግራም ነው። መቶ ግራም ኦቾሎኒ 25 ግራም ገደማ አለው። መቶ ግራም ያልተቀቀለ ምስርም ያንኑ ያህል። አንድ እንቁላል 6 ግራም። እማማ ያሉትን ከበላህ ትደርሳለህ፣ ዱቄት ፕሮቲን መግዛት አያስፈልግህም።

ባሬላ_ያዥ | ቅዳሜ፣ ማታ 1:15

ሰላም። እኔ ሕንፃ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ሙሌት ሲኖር ለሁለት አርማታ በባሬላ (ከፊትና ከኋላ እጀታ ባለው መሸከሚያ) እናወጣለን። ደረጃ ስንወጣ ከኋላ የሚይዘው ላይ ነው ክብደቱ የሚያርፈው። ድሮ እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ነበርኩ። አሁን ከጓደኛዬ ጋር በየአምስት ምልልሱ ቦታ እንቀያየራለን። ክንዴ ማታ ማታ መደንዘዙን አቆመ።

የኔ ችግር ጉልበቴ ነው። ባዶ ባሬላ ይዤ ስወርድ ነው የሚያመኝ፣ ስወጣ አይደለም። ለምን? ደግሞ ፎርማኑ ሙሌት ካለ እሁድም ግቡ ይለናል፣ ለሦስት ሳምንት እረፍት አላገኘሁም።

ወገብና_መገጣጠሚያ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:50

እህቴ፣ ስትወርጂ የፊት ጭንሽ ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደትሽን የሚይዘው። ሲደክም ሸክሙ ወደ ጉልበት ሎሚሽ ይሄዳል። አንድ ብሎኬት አስተኝተሽ ላዩ ላይ ቁሚ። በአንድ እግርሽ ቆመሽ የሌላውን ተረከዝ ቀስ ብለሽ መሬት አስነኪ፣ ተመለሺ። ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ እያየሽ በየእግሩ ስምንት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሲቀልሽ ብሎኬቱን አቁሚው። የሚያብጥ ከሆነ ግን መጥተሽ ታዪ።

የቦታ መቀያየራችሁን ሐሳብ ለሌሎች እነግራለሁ፣ በጣም ጥሩ ነው። እረፍትን በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ እረፍት እንዲኖር ይደነግጋል። ሁላችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ ብትጠይቁ ይሻላል፣ ብቻሽን አትጠይቂ።

የበረንዳው_ልጅ | ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ቀን 10:20

ሰላም ናችሁ? ጠፋሁ አይደል። ውጤት ሳልይዝ መጻፍ አልፈለግኩም።

ዛሬ ጠዋት ፑል አፕ ሰባት ሠራሁ። ንጹሕ ሰባት፣ ሳልወራጭ። 5 ሊትር ይዤ ስኳት የሠራሁ ቀን በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ነበር፣ አሠልጣኝ ልክ ነበርክ። ወገቤ ጠዋት መያዙን ከጀመርኩ ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ተወኝ። አንድ ቀን ብቻ ተመልሶብኛል፣ እሱም ሌሊት 10 ሰዓት መኪና ገብቶ ከአልጋ ቀጥታ የሮጥኩ ቀን ነው።

በግራ ትከሻ መሸከሙ አስቸግሮኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት መንገዱ ራሱ የጠመመ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳላስበው ይለዋወጣል።

የሥራ ጓደኞቼም ተለውጠዋል። የጋሼን ታሪክ ከሰሙ በኋላ ከክምር ስር ያለውን ኩንታል ማንም ብቻውን አያነሳም፣ ለሁለት ነው የምናነሳው። በየአሥር ኩንታሉ ቆም ብለን ውሃ እንጠጣለን። መጀመሪያ ባለመኪናው ተቆጣ። ጭነቱ የሚያልቅበት ሰዓት ግን እንዳልተለወጠ ሲያይ ዝም አለ። ሦስቱ እሁድ እሁድ አብረውኝ ይሠራሉ፣ የሁላችንም ጀሪካን ግቢያችን ውስጥ ተደርድሮ ውሃ የምንሸጥ ነው የሚመስለው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል አሠልጣኝ። ጀሪካኔ ሞልቷል፣ 20 ኪሎ ደርሻለሁ። ከዚህ በኋላስ?

አሠልጣኝ_ከጉለሌ | እሁድ፣ ማታ 12:45

ውሃውን ድፋና ደረቅ አሸዋ ጨምርበት። ሦስት አራተኛውን ብቻ ሙላ፣ ወደ 24 ኪሎ ይመጣልሃል። እስከ አፉ ከሞላኸው 30 ያልፋል፣ እሱን ለመስከረም አቆየው። መያዣውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ እጅህን ይቆርጥሃል።